የካሊፐር ሽፋን ወይስ ቀለም? ለኤሌክትሪክ መኪና የትኛው ያዋጣል

አራት ፍሬ ቀይ የፕላስቲክ የካሊፐር ሽፋን ገዛሁ። የሠሩልኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ካሊፐር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ዲስክ ከሁለት ጎን እንደ መቆንጠጫ ይዞ የፍሬን ሸራውን የሚያስጠጋው ብረት ነው። መኪናው የቮልስዋገን አይዲ ፎር ነው፤ የኤሌክትሪክ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ክሪክ አስገብቼ የፊቱን ሁለት ጎማ በደስታ ጨረስኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ጎማውን ስፈታ ካሊፐር የሚባል ነገር የለም። ያለው ክብ፣ ድፍን ብረት ነው፤ ታምቡር። ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት የጨረሱ አባት ናቸው። አጎንብሰው አዩና «ልጄ፣ ይሄማ የላዳዬ ፍሬን ነው» ብለው ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው። ቮልስዋገን አይዲ 3 እና አይዲ 4 ከኋላ ታምቡር ፍሬን አላቸው። ምክንያቱ ድህነት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ጉልበቱንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ለኋላው ፍሬን የሚተርፈው ሥራ ትንሽ ነው። ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። ታምቡር ድፍን ስለሆነ ዝናብና ጭቃ በቀላሉ አይደርስበትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ግራጫ። ሰው የራሱን ከሌላው ለመለየት አንድ ነገር ቢቀይር አይፈረድበትም። ቀይ ካሊፐር ደግሞ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ግን ጌጡ የሚገባው ፍሬን ላይ ነው። ስለዚህ ከማማር በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት

ጎማው ሳይፈታ ቁጭ በሉና በቸርኬው ክፍተት ካሊፐሩን አሻግራችሁ እዩ። እናንተ ተንበርክካችሁ ካላያችሁት በመንገድ የሚያልፍ ሰው አያየውም። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ንፋስ እንዳይዛቸው ቸርኬያቸው ጠበብ ያለ ነው፣ ወይም የፕላስቲክ ክዳን አለው። የእናንተም እንዲያ ከሆነ ብሩን ለሌላ ነገር አውሉት።

ከታየ ወደ መመዘኛዎቹ እንሂድ። አንደኛውና ትልቁ ክፍተት ነው፤ በካሊፐሩና በቸርኬው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር አለ? ቀጥሎ ሙቀት። ቀጥሎ አያያዝ፤ በምን ተይዟል፣ ቢላቀቅስ ወዴት ይሄዳል? ከዚያ ደግሞ የፍሬኑን ሥራ ያስተጓጉላል ወይ የሚለው ነው። ካሊፐሩ ወዲህ ወዲያ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች፣ የአየር ማውጫዋ ብሎን፣ የሸራው ውፍረት የሚታይበት ቀዳዳ መከደን የለባቸውም። በዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ሆነ ጋራዥ ስትገቡ መካኒኩ ሸራውን ማየት አለበት። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁም በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ስላለባችሁ ነገሩ ያው ነው። ዋጋን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት አውቄ ነው።

ክፍተቱን በሊጥ መለካት

እኔ የምለካው በሊጥ ነው። አትሳቁ።

ከወጥ ቤት ጠጠር ያለ የዳቦ ሊጥ ቆንጥራችሁ በስስ ፌስታል ጠቅልሉ። አንዱን ካሊፐሩ ፊት ላይ፣ ሌላውን ደግሞ አናቱ ላይ፣ የቸርኬውን የውስጥ ክብ በሚያየው በኩል ለጥፉ። ጎማውን መልሱና ቸርኬው ግጥም እስኪል ብሎኖቹን አጥብቁ። በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንድ ዙር አዙሩት። ፈትታችሁ የተጨፈለቀውን ሊጥ በማስመሪያ ለኩ። ክፍተታችሁ እሱ ነው።

የፊት ጎማ በሚጎትተው መኪና ላይ ማርሹ ፒ ላይ ስለሆነ ጎማው አይዞርላችሁም። እንዲዞር ብላችሁ ኒውትራል እንዳታደርጉ፤ መኪናው ክሪክ ላይ ነው ያለው። ጎማውን አውልቁና አንድ የብሎን ቀዳዳ አዙራችሁ ደግማችሁ ግጠሙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ብታደርጉት የቸርኬው ጥርሶች የሚያልፉበትን ሁሉ ታገኛላችሁ። የባላንስ እርሳስ፣ ማለትም ጎማውን ለማመጣጠን የሚለጠፈው ክብደት፣ ከውስጥ ተለጥፎ ከሆነ እሱንም አትርሱ፤ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

የኔ ሕግ ሽፋኑ ከገባ በኋላ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት የሚል ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለ። አብዛኛው ካሊፐር ተንሸራታች ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ የካሊፐሩ የውጭ ጎን ወደ ዲስኩ ይጠጋል፣ ከቸርኬው ይርቃል። አዲስ ሸራ ሲገባ ተመልሶ ወደ ቸርኬው ይወጣል። ስለዚህ ባለቀ ሸራ ለክታችሁ «5 ሚሊ ሜትር አለኝ» ብላችሁ ሽፋን ከገጠማችሁ፣ ሸራ በቀየራችሁ ማግስት ቸርኬው ሽፋኑን መፋቅ ይጀምራል። ጥፋቱም መካኒኩ ላይ ይላከካል። ልኬታችሁን በአዲስ ሸራ አድርጉ፣ ካልሆነም ያለቀውን ያህል ቀንሱለት።

ሙቀቱስ?

ሻጮች «የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን አይግልም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው።

ከመገናኛ ቦሌ፣ ከቦሌ ሳሪስ በተራ ትራፊክ ስትነዱ ፍሬኑ ብዙም አይነካም። ቆሜ ካሊፐሩ ላይ ውሃ ጠብ አድርጌበታለሁ። ጠብታዋ እዚያው ቁጭ አለች። ሌላ ቀን ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቼ ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ወረድኩ። ታች ደርሼ ያንኑ አደረግሁ። ቺስ ብላ ጠፋች።

ልዩነቱ ባትሪው ነው። የሞላ ባትሪ የሚመለስለትን ጉልበት መቀበያ ቦታ የለውም። ስለዚህ መኪናው የቁልቁለቱን ሥራ ለዲስኩና ለሸራው ይተወዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ የተነሳ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጠብታዋ ፈልታ ከጠፋች ካሊፐሩ ከዚያ አልፏል ማለት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሽፋኖች የሚሠሩበት ኤቢኤስ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። እንግዲህ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። እንጦጦ ይህን ካደረገ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ፕላስቲክ ሊያስብ አይገባውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ባትሪውን ጢም አታድርጉት። ይህ ሽፋን ለሌለውም ይጠቅማል።

ተለጣፊው ፕላስቲክ

ሶማሌ ተራ አካባቢም ሆነ በኦንላይን በብዛት የሚገኘው ይሄ ነው። በውጭ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዶላር በታች ነው። ላዩ ላይ የታወቀ የፍሬን አምራች ስም በነጭ ተጽፏል፤ አምራቹ ግን ስለሱ የሚያውቀው ነገር የለም። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ይላል። ለሁሉም የሚሆን ጫማ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቁመናው ትልቅ ስለሆነ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ሊበላ ይችላል። ሰፊ ቸርኬ ከሌላችሁ አይገባም። አያያዙ ሲሊኮን፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። ፕላስተሩ በዝናብና በሙቀት ይለቃል። የፕላስቲክ ማሰሪያው ደርቆ ይበጠሳል። ከሦስቱ የሚሻለው ከፍተኛ ሙቀት የሚችለው ሲሊኮን ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፣ ሞተር ቤት ለጋስኬት የሚጠቀሙበት። እሱም ቢሆን 24 ሰዓት ካልደረቀ ዋጋ የለውም።

ሲላቀቅ ምን ይሆናል? የአንድ ጓደኛዬ መኪና ላይ ሰምቼዋለሁ። ከጎማው ክርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ከፍጥነቱ ጋር ይፈጥናል። ዳር ይዘን ስናይ ሽፋኑ በአንድ ጫፍ ለቆ ቸርኬው እየፋቀው ነበር። የቸርኬው ውስጥ እንደ ሙዚቃ ሸክላ ክብ በክብ ተጭሯል። ፕላስቲኩ ቀድሞ ስለተሰበረ በዚያ አለፈ። የፍሬን ቱቦውን ይዞ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር።

ከሽፋኑ ጀርባ ጭቃና አሸዋ እንደሚጠራቀምም ልብ በሉ። በክረምት ሁለት ወር ከርሞ ሲነሳ ታች ያለው እርጥብ ለጥ ያለ ጭቃ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን በራሱ ሙቀት ቶሎ ስለማይደርቅ ይህ ለዝገት ድግስ ነው።

ለሞዴሉ የተለካው አሉሚኒየም

ይህ ሌላ ክፍል ነው። ለመኪናው ሞዴል፣ ለዓመቱና ለካሊፐሩ ዓይነት ተለክቶ ይሠራል። ማጣበቂያ የለውም፤ ከጀርባ በብረት ክሊፕ ካሊፐሩን ነክሶ ይይዛል። ሙቀት አያለሰልሰውም፣ ቀለሙም በዱቄት ተረጭቶ በምድጃ የተጋገረ ነው። አውልቃችሁ አጥባችሁ መመለስም ትችላላችሁ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋ፤ አሜሪካ ውስጥ ሙሉው ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዶላር ያልፋል። ሁለተኛው ልክ ነው። እዚህ የሚነዱት አይዲ ፎሮች አብዛኞቹ የቻይና ምርት ናቸው። የአሜሪካው ሽፋን በስም ስለተመሳሰለ ብቻ የቻይናው ካሊፐር ላይ ይገጥማል ብላችሁ ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እንዳታስጭኑ። የካሊፐራችሁን ርዝመትና ወርድ ለክታችሁ፣ ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሻጩ ላኩ። የቸርኬያችሁን ኢንችም ንገሩት። በልክ ነው የምሸጠው የሚል ሻጭ እነዚህን ራሱ ይጠይቃል። ካልጠየቀ እሱም የሚሸጠው «ለሁሉም ይሆናል» ነው።

አሉሚኒየም ብላችሁ ፕላስቲክ እንዳትገዙ ደግሞ ማግኔት አያድናችሁም፤ ሁለቱንም አይስብም። ጀርባውን በቁልፍ ጫር አድርጉት። ብር መሰል ብረት ብልጭ ካለ እሺ።

ሙቀት የሚችል ቀለም

እኔ የማደላው ለዚህ ነው፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ቀለም ክፍተት አይበላም። አይላቀቅም። ጭቃ አይደብቅም። ቢላላጥ እንኳ ፍሬኑ ምንም አይሆንም፣ መልኩ ብቻ ነው የሚበላሸው።

የሚገዛው በተለይ ለካሊፐር የተሠራው ቀለም ነው። ጣሳው ላይ የሚችለው ሙቀት ይጻፋል፤ 260 ዲግሪ የሚል አለ፣ 480 ዲግሪ የሚልም አለ። ለበር የተረፈውን ዘይት ቀለም እንዳትሞክሩት። ይሸታል፣ ከዚያ ይላጣል።

የሚያስከፍላችሁ ጊዜ ነው። ከስፕሬይ ይልቅ በትንሽ ብሩሽ የሚቀባውን እመክራለሁ። ስፕሬይ ዲስኩንም፣ ግድግዳውንም፣ የጎረቤትንም ልብስ ይቀባል። ካሊፐሩን አታውልቁ፤ የፍሬን ዘይት ውስጥ አየር ማስገባት አትፈልጉም። የኋላው ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ሞተር ሊኖር ይችላል፤ ገመዱን አትንኩ። በፍሬን ማጽጃ አርጥባችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አትንፉ፣ ማስክም አድርጉ። ዲስኩን፣ ሸራውን፣ ጎማ ጎማ የሆኑትን ክፍሎች፣ የአየር ማውጫዋን ብሎንና የሚንሸራተቱትን ፒኖች በፕላስተር ሸፍኑ። ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀቡ። ወፍራም አንዴ መቀባት እንደ ማር ይንጠባጠባል። ለሁለት ካሊፐር ግማሽ ቀን፣ መድረቂያውን ጨምሮ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ያዙለት።

የቀሩት በአጭሩ

ስቲከር ወይም ፊልም መለጠፍ? ካሊፐር ጠፍጣፋ አይደለም፤ አይያዝም። እውነተኛ ትልቅ ካሊፐር ማስገባት? እሱ ጌጥ ሳይሆን የፍሬን ሥራ ነው። ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያቀናጀው ኮምፒውተር ያለበት መኪና ላይ በቤት የሚሞከር አይደለም። ምንም አለማድረግስ? ካሊፐሩን በሽቦ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ጥሩ አድርጎ ማጠብ ዋጋው የሳሙና ነው። የመኪናውን መልክም ከምትገምቱት በላይ ይቀይራል።

| አማራጭ | የሚበላው ክፍተት | ሙቀት ላይ | ቢበላሽ | የቤት ሥራው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተለጣፊ ፕላስቲክ | ብዙ | ቁልቁለት ላይ ደካማ | ቸርኬ ይፍቃል፣ ሊጠመድ ይችላል | 2 ሰዓትና 24 ሰዓት ማድረቂያ | ዝቅተኛ |
| የተለካ አሉሚኒየም | መካከለኛ | ጥሩ | ክሊፑ ከላላ ይንኳኳል | 1 ወይም 2 ሰዓት | ከፍተኛ |
| የካሊፐር ቀለም | ምንም | ጥሩ | ይላላጣል ብቻ | ቅዳሜና እሑድ | ዝቅተኛ |
| ማጠብ ብቻ | ምንም | አይመለከተውም | የለም | 1 ሰዓት | የሳሙና |

ግቢ ውስጥ ስትሠሩ

የትኛውንም ብትመርጡ ጎማ መፍታት አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ እንደ ድሮው አይደለም። ወለሉ ባትሪ ነው። ክሪኩን ከተመለከተው ቦታ ውጪ ብታስገቡ የምትጨፈልቁት የመኪናውን ውድ ክፍል ነው። ቦታው በመመሪያው ላይ አለ፤ ጎኑ ላይም ምልክት አለው። ብዙዎቹ ስኮርታም ክሪክም ይዘው አይመጡም። ከጎሚስታ ስትዋሱ 2 ቶን አካባቢ ለሚመዝን መኪና የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ፣ ፒ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በተቃራኒው ጎማ ታኮ አድርጉ። የተፈታውን ጎማ ከመኪናው ሥር አስተኙት። ክሪኩ ቢያመልጥ እሱ ይይዝላችኋል። ጭንቅላታችሁን ግን አታስገቡ።

ስትመልሱ ብሎኖቹን በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ በመጨረሻ የጥብቀቱን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ። ቁጥሩ እንደ መኪናው ይለያያል፤ ቴስላ ሞዴል 3 ለምሳሌ 175 ኒውተን ሜትር ይላል። በእግር ቆሞ መርገጥ ልኬት አይደለም።

ከዚያ ሬዲዮ አጥፍታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መሪውን እስከ ጥግ ግራም ቀኝም አዙሩ። ፋቅ ፋቅ የሚል ነገር ከሰማችሁ መልሳችሁ ፍቱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ።

ለማን የቱ?

መኪናው ለራይድ የሚሠራ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ቀለም። ሽፋን ሲላቀቅ ለማየት ጊዜ አይኖራችሁም። ለሠርግ ወይም ለፎቶ ለሁለት ሳምንት ማሳመር የሚፈልግ፣ በከተማ ብቻ የሚነዳ፣ ሊጡ ሰፊ ክፍተት ያሳየው ሰው ፕላስቲኩን ቢያደርግ አልጣላውም። ግን በሲሊኮን ይለጥፈው፣ በየሳምንቱ በእጁ ያነቃንቀው፣ ክረምት ሲገባ ያንሳው። ገንዘብ ያላችሁና መኪናውን ለዓመታት የምትይዙ፣ የሚገጥም አሉሚኒየም ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ የሚቀራረብ አትግዙ። መኪናው ገና በዋስትና ላይ ከሆነ ፍሬን ላይ የተጨመረ ነገር ጭቅጭቅ ሊያመጣ ስለሚችል ከመግጠማችሁ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ። ከኋላ ታምቡር ያላችሁ የአይዲ ፎር ባለቤቶች ደግሞ ሁለት ፍሬ የሚሸጥላችሁን ፈልጉ።

እኔ የፊቶቹን ሽፋኖች ከሦስት ወር በኋላ አነሳኋቸው። ካሊፐሮቹን ቀይ፣ ታምቡሮቹን ጥቁር ቀባሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ጥፍሬ እስከ ሐሙስ ቀይ ነበር። ጎረቤቴ ደርሰው መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «አጥበኸዋል መሰለኝ» አሉኝ።